እጃቸው ያላለውን መግለጫው እንዳይናገር

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ከሁለት ሳምንት በፊት በጋዜጣዎ የፊት ገጽ ላይ፣ አንድ ተናጋሪ ቀኝ እጃቸውን እስከ ደረታቸው አንሥተው የአውራ ጣታቸውንና የሌባ ጣታቸውን ጫፍ ገጥመው፣ ሌሎቹን ሦስት ጣቶች ዘርግተው የሚያሳይ ፎቶ ወጥቶ ነበር። ከሥሩ የሰፈረው መግለጫ «ጉዳዩ ሙሉ በሙሉ ስምምነት ላይ መድረሱን በእጃቸው ምልክት ሲያረጋግጡ» ይላል። ዜናውን እስከ መጨረሻው አነበብሁት፤ ተናጋሪው ስምምነት ላይ ተደርሷል ያሉበትን ቦታ ግን አላገኘሁም። እንዲያውም የተጠቀሰው ንግግራቸው ገና እልባት ያላገኙ ሁለት ነጥቦችን የሚዘረዝር ነው። ፎቶውን ቀረብ አድርጌ ሳየው ደግሞ አፋቸው ገርበብ ብሎ ተከፍቷል፤ ዓይናቸውም ከፊታቸው በተዘረጋው ወረቀት ላይ ነው። «ሁሉ ነገር አልቋል» ብሎ በእጁ የሚያስታውቅ ሰው የሚያየው የሚነግረውን ሰው እንጂ ወረቀቱን አይደለም። በእኔ ግምት እኒህ ሰው ነጥባቸውን አጥርተው ለማስረዳት፣ በጣታቸው ጫፍ ቀጭን ክር የያዙ ይመስል እጃቸውን ያወዛውዙ ነበር፤ ካሜራው ውዝዋዜውን አስቀርቶ ቅርጹን ብቻ ስለያዘ ለንግግር ማጀቢያ የነበረው እጅ ምልክት መስሎ ታየ።

ነገሩ ለምን እንዳሳሰበኝ ለማስረዳት ይህችኑ በሁለት ጣት የምትሠራ ክብ ይዤ ትንሽ ልቆይ (ዓመታቱን በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋቸዋለሁ)። ክቧ ለአሜሪካዊ «ደኅና ነው» ስትል ለጃፓናዊ ገንዘብ ማለት ልትሆን ትችላለች፤ በብራዚል ደግሞ ጸያፍ ስድብ ናት። ባሕር ጠላቂዎች «ደኅና ነኝ» የሚባባሉት በእርሷ ነው፤ ውኃ ውስጥ አውራ ጣትን ወደ ላይ ማቆም «ወደ ላይ እንውጣ» ማለት ስለሆነ፣ ሁለቱን ማምታታት ለእነርሱ የሕይወት ጉዳይ ነው። በ2017 ፎርቻን በተባለው ድረ ገጽ የሚሰባሰቡ ሰዎች፣ ክቧ የነጮች የበላይነት ምልክት ናት የሚል ሐሰተኛ ወሬ ለማላገጥ ብለው ነዙ። ላግጡ ግን ላግጥ ሆኖ አልቀረም፤ አንዳንድ ዘረኞች ከልባቸው ይጠቀሙባት ጀመር፤ በማርች 2019 በኒውዚላንድ ክራይስትቸርች ከተማ በሁለት መስጊዶች በተፈጸመው ጥቃት 51 ሰዎችን የገደለው ሰውም ፍርድ ቤት ሲቀርብ እርሷን አሳየ። በዚያው ዓመት ጥላቻን የሚታገለው የአሜሪካ ድርጅት አንቲ ዲፋሜሽን ሊግ ክቧን በጥላቻ ምልክቶች መዝገቡ ውስጥ ሲያስገባት፣ አብዛኛው ሰው የሚጠቀምባት ለነባር ትርጉሟ ስለሆነ ሌላ ማስረጃ ሳይኖር በማንም ላይ እንዳይፈረድ አብሮ አሳስቧል። በዲሴምበር ግን በአሜሪካ የምድር ጦርና የባሕር ኃይል አካዳሚዎች ግጥሚያ ላይ ምልክቷን በቴሌቪዥን ያሳዩ ተማሪዎች ምርመራ ተከፈተባቸው፤ በመጨረሻ የተደረሰበት ውጤት፣ ወጣቶቹ ጓደኛን አዘናግቶ ክቧን እንዲያይ የማድረግ የልጆች ጨዋታ ላይ እንደነበሩ ነው። በክራይስትቸርቹ ገዳይና በእነዚህ ወጣቶች መካከል የጣት አቀማመጥ ልዩነት አይገኝም።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ልዩነቱ ከቅርጹ ላይ አለ፤ አይተን እናልፈዋለን እንጂ። ሌባ ጣትንና የመሐል ጣትን አቁሞ መዳፍን ወደ ተመልካቹ ማዞር የድል ምልክት የሆነው፣ ቪክተር ደ ላቬሌይ የተባሉ የቀድሞ የቤልጂየም ሚኒስትር በጃንዋሪ 14 ቀን 1941 በቢቢሲ ሞገድ ወገኖቻቸው «ቪ» የምትለዋን ፊደል መለያቸው እንዲያደርጓት ከጠየቁና ቸርችል በእጃቸው ካስተዋወቋት በኋላ ነው። እጁ ዞሮ አይበሉባው ወደ ተመልካቹ ከሆነ ግን በብሪታንያና በአውስትራሊያ ስድብ ነው። ፕሬዚዳንት ጆርጅ ኤች ደብልዩ ቡሽ በ1992 ካንቤራ ውስጥ ከመኪናቸው ሆነው ሰላምታ ያቀረቡ መስሏቸው አይበሉባቸውን አሳይተዋል። የስድቡ መነሻ በ1415 በፈረንሳይ በአዠንኩር ጦርነት የተዋጉ የእንግሊዝ ቀስተኞች ናቸው የሚለው ተረት በሰፊው ይወራል፤ በዘመኑ የተጻፈ ማስረጃ ስለሌለው ጋዜጦች እንደ ታሪክ ባይደግሙት እመርጣለሁ።

ከሁሉ ይልቅ ለጋዜጠኛ የሚቀርበው የኖርዌዩ ስሕተት ነው። በጃንዋሪ 2005 የጆርጅ ደብልዩ ቡሽ ቤተሰብ በበዓለ ሲመቱ ዕለት ሌባ ጣትንና ትንሿን ጣት አቁመው ሲያሳዩ፣ የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ መለያ የሆነውን ረጅም ቀንዳም በሬ መወከላቸው ነበር፤ በኖርዌይ ግን የሰይጣን ሰላምታ ሰጡ ተብሎ ተዘገበ። አውራ ጣት አብሮ ቢዘረጋ ኖሮ ያው እጅ በአሜሪካ የምልክት ቋንቋ «እወድሃለሁ» ባለ ነበር።

«እንግዲያው ባለቤቱን መጠየቅ ነው» ይባል ይሆናል። መጠየቁ ይገባል፤ ነገር ግን ሁልጊዜ ክርክሩን አይዘጋውም። በ1968 በሜክሲኮ ኦሊምፒክ ጥቁር አሜሪካውያን ሯጮች የሆኑት ቶሚ ስሚዝ ቀኝ እጁን፣ ጆን ካርሎስ ግራ እጁን በጥቁር ጓንት ጨብጠው ሲያነሡ ዓለም «የጥቁር ኃይል ሰላምታ» አለው። ስሚዝ በዚያው ሰሞን ቀኙ ኃይልን፣ ግራው አንድነትን እንደሚወክል ተናግሮ ነበር፤ ከዓመታት በኋላ ደግሞ ሰላምታው የሰብዓዊ መብት ነበር አለ። ካርሎስ ግራ እጁን ያነሣው ግን የራሱን ጓንት ረስቶ በመምጣቱ አንድ ጥንድ ለሁለት ስለተካፈሉ ነው። ታዲያ የአንድነቱ ትርጉም ከጓንቱ እጥረት በፊት ነበረ ወይስ በኋላ መጣ? እኔ መልሱን ከፎቶው ማንበብ አልችልም፤ የትኛውም መግለጫ ጸሐፊ የሚችል አይመስለኝም። በካናዳ ሳስካችዋን ደግሞ አንድ ገበሬ የተልባ ሽያጭ ውል በስልኩ ሲላክለት የቆመ አውራ ጣት ምስል መልሶ፣ ኋላ «ደርሶኛል ማለቴ ነበር» ቢልም፣ ፍርድ ቤቱ በ2023 ምስሉን ከሁለቱ ወገኖች የቀደመ ልማድ ጋር አገናዝቦ እንደ ፊርማ ቆጠረውና ከ82,000 የካናዳ ዶላር በላይ እንዲከፍል ፈረደበት። ዳኛው እዚያ ውሳኔ ላይ የደረሱት የሁለቱንም ቃልና የቀድሞ መልእክቶቻቸውን መርምረው ነው፤ የፎቶ መግለጫ የሚጽፍ ባልደረባዎ ግን ይህን ሁሉ የሚመረምርበት ጊዜም ሰነድም የለውም።

ስለዚህ የምጠይቀው ቀላል ነገር ነው። መግለጫው እጁ ምን እንዳደረገ ይጻፍ፤ ትርጉም ከተሰጠው ደግሞ ትርጉሙ የማን እንደሆነ ይነገር፤ ባለቤቱ ራሱ ነው፣ ተቃዋሚው ነው ወይስ አዘጋጁ? ለፎቶ መግለጫ የሚተርፈው ቦታ ጠባብ መሆኑን አላጣሁትም። ቢሆንም «ተናጋሪው አውራና ሌባ ጣታቸውን ገጥመው ሲያስረዱ» ቢባል ኖሮ፣ ከታተመው መግለጫ በሦስት ቃል ያጥር ነበር።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣዎ የዘወትር አንባቢ