ድስቱ አሁንም እኔ ጋ ነው

ቱሉ ዲምቱ፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ባለቤትሽ፣ ልጆቹ፣ ጎረቤቱ ሁሉ እንዴት ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ ጀምሬ ስተወው ዛሬ ሦስተኛ ምሽቴ ነው። አራት ዓመት ሙሉ ዝም ብሎ የኖረ ሰው በምን ቃል እንደሚጀምር ቸግሮኝ እንጂ የምነግርሽ አጥቼ አይደለም። ስለዚህ ከከበደኝ ልነሣ። ለእማማ ለቅሶ አልደረስኩም። መርዶውን የሰማሁት በተቀበሩ በሳምንቱ ነበር፤ ያኔውኑ ተነሥቼ ደሴ መምጣት ሲገባኝ ለአርባቸው እደርሳለሁ አልኩ። አርባው አለፈ። ለሰማንያቸው አልኩ፤ እሱም አለፈ። ከዚያ በኋላ በምን ፊቴ ልደውል እያልኩ ወር በወር ላይ ተደረበ። እማማ ለእኔ የጓደኛ እናት ብቻ እንዳልነበሩ አንቺ ታውቂያለሽ፤ ነገሩ እንቅልፍ የሚነሣኝም ለዚህ ነው። ይቅር በይኝ።

ብዕር ያስነሣኝ ያለፈው እሑድ የሰማሁት ወሬ ነው። ልጅሽ በጥር ጎጆ ልትወጣ ነው አሉኝ። እልል አልኩ። እንኳን ለወግ ለማዕረግ አበቃልሽ! ሙሽራው ቤት ያለውም እዚሁ ኮዬ ፈጬ ነው ሲሉኝ ደግሞ ደስታዬ እጥፍ ሆነ፤ ከእኔ ቤት ሩቅ አይደለም፣ ጎረቤት ልንሆን ነው። ቀጥሎ የሰማሁት ግን አሳሰበኝ። የቤት ዕቃውን መርካቶ ወርዳችሁ በአንድ ቀን ጠቅልላችሁ ልትገዙ እንዳሰባችሁ፣ የእማማንም የስፌት መኪና ቦታ ያዘብኝ ብለሽ ልትሸጪው እንደሆነ ነገሩኝ። እህቴ፣ እባክሽ ይህን አንብበሽ እስክትጨርሺ አትሽጪው።

እኛ ወደዚህ ስንገባ የሆነውን ልንገርሽ። ሰፈራችን ከተማው አልቆ ወደ አዳማ የሚወስደው የክፍያ መንገድ የሚጀምርበት ዳርቻ ላይ ነው። ዕቃችንን የጫነው አይሱዙ ከአስፋልቱ ወጥቶ ወደ ብሎካችን የሚያስገባውን ኮረኮንች ሲይዝ እኔ ጋቢና ውስጥ ሆኜ ከኋላ የሚመጣውን ድምፅ አዳምጥ ነበር። ዕቁብ ሲደርሰኝ የገዛሁትን ባለ ሦስት በር ቁም ሣጥን ታስታውሺዋለሽ? ያ ባለ መስታወቱ፣ እጀታው ወርቃማ የሆነው። ጫኝና አውራጆቹ ወደ ሦስተኛ ፎቅ ሊያወጡት ሲያነሡት ጀርባው እንደ ካርቶን ተላቀቀ። የበሮቹ ማጠፊያዎች ከነብሎናቸው ተነቅለው ወጡ፤ ከብሎኑም ጋር ሰጋቱራ እንደ ዱቄት ረገፈ። ቺፑድ ማለት ሰጋቱራና ፍቅፋቂ በሙጫ ተለውሶ የተጨመቀ ነው፤ አንድ ጊዜ ብሎኑን ከለቀቀ መልሶ አይይዝም። የተረፈውን ደጅ አስደግፈነው አደርን፤ ሌሊት ዝናብ መታውና ጠዋት ጠርዞቹ ውሃ እንደጠጣ ዳቦ አብጠው አገኘኋቸው። ዕዳው ገና ሰባት ወር ይቀረው ነበር።

በዚያው ቀን የአያቴ የዋንዛ ሣጥን ከመኪናው ጫፍ ተንሸራቶ ድንጋይ ላይ ወደቀ። ልቤ ቀጥ አለ። ሳየው አንዱ ማዕዘን ላይ ቀለሙ ብቻ ተፍቋል። ጎንበስ ብዬ ማዕዘኑን በጣቴ ዳሰስኩት፤ ሳንቃው ጫፍ ለጫፍ እንደ ጥርስ ተጠርቦ አንዱ በአንዱ ውስጥ ገብቷል። ምስማር እንኳ የለበትም። ሠሪው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ እጁ ይባረክ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ዕቃ ስገዛ ፊቱን ትቼ ገልብጬ ጀርባውንና ሆዱን አያለሁ። በምን ነው የተያያዘው? በብሎን ነው ወይስ በሙጫ? ይከፈታል ወይስ ተደፍኗል? ከዚያ ሻጩን ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል ብዬ እጠይቀዋለሁ። ይህን ጥያቄ እንደ ስድብ የሚቆጥር ሻጭ አለ፤ ከእሱ አልገዛም። ደኅናው ነጋዴ መለዋወጫው የት እንደሚገኝ፣ ቶሎ የሚያልቀው የትኛው ክፍል እንደሆነ ሳይደብቅ ይነግርሻል። ዕድሜ ያለው ዕቃ ስል የማይበላሽ ማለቴ አይደለም፤ እንደዚያ ያለ ዕቃ እስካሁን አላጋጠመኝም። ሲበላሽ ሰው እጅ ገብቶ የሚወጣውን ማለቴ ነው።

የምጣዱን ነገር በደንብ ላስረዳሽ፣ ምክንያቱም ለሙሽራዋ የመጀመሪያው ትልቅ ወጪ እሱ ነው የሚሆነው። መጀመሪያ የገዛሁት የኤሌክትሪክ ምጣድ የሚያብረቀርቅ ክዳን ነበረው፤ እኔም በክዳኑ ተማርኬ ወሰድኩት። በሁለተኛው ወር ሶኬቱ ቀልጦ ቤቱ በላስቲክ ሽታ ታፈነ። የምጣድ ጉልበት ቀላል አይደለም፤ 3,500 ዋት የሚስበው በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ይጠይቃል። ያ ምጣድ ግን የተሰጠው ገመድ የራዲዮ ገመድ የሚያህል ነበር። ገመዱን አስቀየርኩ። ጥቂት ቆይቶ በሸክላው ሆድ ውስጥ በተቀደደው ቦይ የሚሄደው ጥቅልል ሽቦ፣ ባለሙያዎቹ ሬዚስታንስ የሚሉት፣ ተበጠሰ። ከብሎካችን ፊት ለፊት ባለችው ኮንቴይነር ውስጥ ለሚሠራው ልጅ ወሰድኩለት። ገልብጦ አየውና ራሱን ነቀነቀ፤ የታችኛው ቆርቆሮ ዙሪያውን ተበይዶ ተዘግቷል። ለመክፈት ሲሞክር ሸክላው ለሁለት ተሰነጠቀ።

አሁን የምጋግርበትን ያው ልጅ ነው የሠራልኝ። አምስት ዓመት ሊሞላው ነው። ታችው በስድስት ብሎን ይከፈታል፤ ሽቦው ሁለት ጊዜ ተበጥሶ ሁለቱንም ጊዜ በግማሽ ቀን ተቀይሮልኛል። ገመዱ ወፍራም ነው፤ ቤት ውስጥም ለምጣዱ ብቻ ከቆጣሪው ራሱን የቻለ መስመር አስጎትቻለሁ። ለልጅሽም ይህንኑ አስደርጊላት፤ ቤቱ ሲታደስ ካልተሠራ ኋላ ግድግዳ ማስቆፈር ይመጣል። ሸክላውን ደግሞ ሳትቸኩል ታሟሸው። የተወቀጠ የጎመን ዘር እየነሰነሰች፣ ለስላሳ እሳት ላይ፣ ቀዳዳው ሁሉ ዘይቱን ጠጥቶ እስኪጠቁርና እስኪያብረቀርቅ በማሰሻው ታሽው። ሰዎች በአንድ ቀን ጨርሰው ሊጡን ያፈሱበትና እንጀራው ሲይዝባቸው ምጣዱን ይረግማሉ። እኔ ሦስት ቀን ነው የፈጀብኝ፤ ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አልያዘብኝም።

ጫማን በተመለከተ፣ ደሴ ድንጋይ ላይ ያደገች ልጅ የእኛን ዋልካ አታውቀውም። በክረምት ይህ ጥቁር አፈር እግርን ይይዛል፤ በማስቲሽ የተለጠፈ ሶል ከሆነ አስቀርቶት አንቺን ብቻ ይለቅሻል። እኔ በሁለት ክረምት ሦስት ጥንድ እንደዚያ ጣልኩ፤ እያንዳንዱ 1,400 ብር። በሦስተኛው ክረምት ሶሉ ዙሪያውን በክር የተሰፋ የቆዳ ጫማ በ4,000 ብር ገዛሁ። ዋጋውን ስከፍል እጄ ተንቀጥቅጧል፣ አልዋሽሽም። ይኸው አራተኛ ዓመቱን ይዟል፤ ሶሉን አንድ ጊዜ አስቀይሬዋለሁ፣ ቆዳውን በየሳምንቱ ቅባት አስነካዋለሁ። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ተደምረው ከዚህ ከአንዱ በለጡ፣ አንዳቸውም ግን ዛሬ የሉም።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል እንደምትይ አውቃለሁ። ሐምሌ 2016 ላይ የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር ከ100 ብር አልፎ ሄደ፤ ከውጭ የሚገባው ዕቃ ሁሉ ዋጋው ተሰቀለ። እኔ የምልሽ ታዲያ ለዚሁ ነው። ዕቃ ደግሞ ደጋግሞ መግዛት ድሮም ይከብድ ነበር፤ ዛሬ ግን ወገብ የሚሰብር ሆኗል። ሁሉም በአንድ ቀን መሟላት የለበትም። አልጋ፣ ምጣድ፣ አንድ ጥሩ ድስት፣ ውሃ መያዣ ይኑራቸው፤ ሶፋው ይቆይ። ባዶ ሳሎን ላይ ምንጣፍ አንጥፎ እንግዳ መቀበል ነውር አይደለም። ለታይታ ተብሎ በዱቤ የገባ ሶፋ ግን ዕዳው ሳያልቅ ስፖንጁ ሲወርድ በዓይኔ አይቻለሁ።

ውድ የሆነውን ሁሉ ግዢ ማለቴም አይደለም። ጀበና ከርካሹ ይገዛ፤ ምንም ብትከፍይበት አንድ ቀን አንገቱ ይሰበራል። ሳፋና ባልዲም እንደዚያው። ውሃ እዚህ በፈረቃ ስለሚመጣ ጀሪካን ብዙ ያስፈልጋቸዋል፤ ለእሱ የዘይት ጀሪካን ይበቃል። የቧንቧ መክፈቻ ላይ ግን እንዳትቆጥቢ። በእጅሽ አንሥተሽ መዝኚው፤ ናስ ከሆነ ከበድ ይላል፣ ቅብ ብቻ የሆነው ቀሎ ታገኚዋለሽ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሌሊት የሚያፈስ መክፈቻ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቀው የደረሰበት ነው። ማቀዝቀዣ ከገዛችሁም መብራት ሄዶ ሲመለስ ወዲያው እንዳይሰኩት ንገሪያቸው፤ አምስት ደቂቃ ያህል ይታገሡ። መጭመቂያው፣ ባለሙያዎቹ ኮምፕረሰር የሚሉት፣ ሳያርፍ እንዲነሣ ሲገደድ ነው የሚቃጠለው።

አሁን ወደ እማማ መኪና ልመለስ። ሲንጀር ነው አይደል? ያ ጥቁሩ፣ አንገቱ ላይ ወርቃማ ሐረግ የተሣለበት። ያ ድርጅት የስፌት መኪና መሥራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1851 ነው። የእማማ መኪና በእግር የሚረገጥ ስለሆነ መብራት ጠፋ አልጠፋ ግድ የለውም። አካሉ ብረት ነው፤ የሚያልቅበት ነገር ቢኖር የቆዳው ቀበቶና መርፌው ነው፤ ሁለቱም መርካቶ ይገኛሉ። ተጣብቆ አልዞር ብሎ ከሆነም አሮጌው ዘይት ደርቆ ይሆናል፤ የሚያውቅ ሰው አጥቦ አዲስ ዘይት ካጠጣው ይነሣል። ዛሬ ለእሱ የሚከፈልሽ ብር ወር ሳይሞላ አስቤዛ ሆኖ ያልቃል። እማማ በዚያ መኪና የሰፉልንን ሰማያዊ ዩኒፎርም አስታውሺ። ለእድገታችን ብለው ጠርዙን አራት ጣት አጥፈው ይሰፉት ነበር፤ በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ አንዱን እጥፋት ይፈቱልናል። እኔ ዛሬም የሱሪም የቀሚስም ጠርዝ ገልብጬ የማየው ከዚያ የቀረብኝ ልማድ ነው መሰለኝ።

የእኔን ስጦታ አስቀድሜ ልንገርሽ፤ በድንገት አልወድም። ሽሮ ሜዳ ለሁለቱም ጋቢ አዝዣለሁ፤ አራት ድርብ፣ ማጉ የእጅ ፈትል። ለሥራው ጊዜ ስጪኝ ስላለኝ ሸማኔውን አላጣደፍኩትም።

ሁለተኛው ስጦታ ድስቱ ነው። በ1991 ዓ.ም. እኔ ስዳር እማማ የሰጡኝ ድስት፣ አዎ፣ አሁንም እኔ ጋ ነው። ስጦታውን በሰው ፊት አላቀረቡትም። ሁሉም ሲበተን ጓዳ ጠርተውኝ በነጠላ የተጠቀለለውን ፈቱና «ሆዱን አንኳኪው» አሉኝ። አንኳኳሁት፤ ድምፁ እንደ ቆርቆሮ አልጮኸም፣ ድፍን ነበር። ያኔ ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባኝም። የገባኝ በሌላ ስስ ድስት ዶሮ ልሠራ ስሞክር ነው፤ ሽንኩርቱ ያለ ዘይት ሲቁላላ እሳቱ በሚነካው በኩል ጠቁሮ በሌላው በኩል ጥሬ ቀረብኝ። በእሳቸው ድስት ግን ሙቀቱ ከዳር እስከ ዳር እኩል ስለሚደርስ ቁሌቱ ሳያር ይበስላል። ሃያ ሰባት ዓመት የፋሲካ ዶሮ የወጣው ከእሱ ነው። ጆሮው ሁለት ጊዜ ተነቅሎ ምናለሽ ተራ ወስጄ አስመትቻለሁ፤ አንደኛው ጆሮ ከሌላው ትንሽ ይሰፋል፣ ሲያነሡት እጅ ያውቀዋል። ክዳኑ የራሱ አይደለም፤ የራሱ ጠፍቷል፣ ይህ ግን ልክክ ይላል።

ለልጅሽ ልሰጣት ነው። የአያቷ ነውና ወደ እሷ ይሂድ። ለመግዛት ስትመጡ ከአውቶቡስ ተራ በቀጥታ ወደ እኔ ኑ፤ አልጋ አለ፣ ጠዋት አብሬያችሁ መርካቶ እወርዳለሁ። የስፌት መኪናውን ጭነት ላይ ማሳደር የሚከብድሽ ከሆነ ጭንቅላቱን ብቻ ፈትተሽ በብርድ ልብስ ጠቅልለሽ አምጪው፤ እግሩን በኋላ እናስመጣዋለን። ኮንቴይነሩ ውስጥ ያለውን ልጅ አነጋግሬዋለሁ፤ የስፌት መኪና አጥቦ ያውቃል፣ ቅዳሜ ከሰዓት ይቀበለናል። ድስቱን ዛሬ ማታ በአመድ ፈትጌ ከመስኮቱ ሥር ደፍቼዋለሁ።

ናፍቀሽኛል።

ያንቺው እህት