ከ30 ደቂቃ በታች የሆነ የእግር ጉዞም ይቆጠራል

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ባለፈው ሳምንት በጤና ዓምዳችሁ ላይ «የእግር ጉዞ በአንድ ጊዜ 30 ደቂቃ ካልሞላ ለልብ ፋይዳ የለውም» የሚል ሐሳብ አንብቤያለሁ። ጽሑፉ በቅንነት እንደተዘጋጀ አልጠራጠርም፤ ሆኖም ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎችን ከነአካቴው ከመንገድ የሚያስቀር አባባል በመሆኑ እንዲታረም እጠይቃለሁ።

አባቴ የ74 ዓመት ጡረተኛ መምህር ናቸው። የደም ግፊት አለባቸው፤ ስኳራቸውም ድንበር ላይ ደርሷል ተብለዋል። አምና ይህንኑ የመሰለ ምክር ሰምተው 30 ደቂቃ ለመሙላት ሲታገሉ ከረሙና ጉልበታቸው ከ12 ደቂቃ በላይ አላስኬድ ሲላቸው «ግማሽ መንገድ ሄዶ መመለስማ ምን ዋጋ አለው» ብለው ተዉት። ከዘራቸው በሩ ሥር እንደተደገፈ ሁለት ወር ሙሉ ቆየ።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2010 እ.ኤ.አ. ያወጣው ምክር እንቅስቃሴ በአንድ ጊዜ ቢያንስ 10 ደቂቃ መዝለቅ አለበት ይል ነበር፤ በ2020 ሲሻሻል ግን ይህ ዝቅተኛ ገደብ ተነስቷል። ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች የሚመከረው መካከለኛ ጥንካሬ ያለው እንቅስቃሴ በሳምንት ተደምሮ ከ150 እስከ 300 ደቂቃ ሲሆን፣ ከዚህ ላይ ጡንቻን የሚያጠነክር ሥራ ቢያንስ ሁለት ቀን፣ ሚዛን ለመጠበቅና ከመውደቅ ለመዳን የሚረዳ ልምምድ ደግሞ ሦስት ቀን ይታከልበታል። ያን ያህል የማይችልም አቅሙ የፈቀደውን ያህል እንዲንቀሳቀስ መመሪያው ይመክራል።

ስለ ስኳር ከተነሳ፣ ከርዝመቱ ይልቅ ሰዓቱ የሚያመዝንበት ጊዜ አለ። የሚሠራ ጡንቻ ያለ ኢንሱሊን እገዛም ስኳርን ከደም መሳብ ስለሚችል፣ ምግብ በልቶ ስኳር ከፍ ማለት ሲጀምር መራመድ ትልቅ ጥቅም አለው። በ2013 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ለስኳር በሽታ የተጋለጡ 10 አዛውንቶች አንድ ጊዜ ለ45 ደቂቃ ያለማቋረጥ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ከቁርስ፣ ከምሳና ከእራት በኋላ ለ15 ለ15 ደቂቃ እንዲራመዱ ተደርጎ ነበር፤ የቀኑን ስኳር በአማካይ ሁለቱም ሲቀንሱ፣ ከእራት በኋላ የሚመጣውን ከፍታ ግን ይበልጥ ያወረዱት አጫጭሮቹ ጉዞዎች ናቸው። ተሳታፊዎቹ ጥቂት ቢሆኑም፣ እንጀራ በልተን በቀጥታ ወደ መኝታ ለምንሄድ ሰዎች ነገሩ የሚናቅ አይደለም።

ረዘም ያለ ጉዞ ብልጫ የለውም ማለቴ አይደለም። በቅርቡ በብሪታኒያ ከ33 ሺህ በሚበልጡ ብዙም በማይራመዱ ጎልማሶችና አዛውንቶች ላይ በተደረገ ክትትል፣ እርምጃቸው ባብዛኛው ከ5 ደቂቃ በታች ከሚቆራረጠው ይልቅ 10 ወይም 15 ደቂቃ ሳያቋርጡ የሚሄዱት በልብና በደም ሥር ሕመም የመያዝ ዕድላቸው አነስተኛ ሆኖ ተገኝቷል። ይሁንና ቀድሞውኑ ልቡ የደከመ ሰው ረጅም መንገድ መሄድ ስለማይችል፣ የዚህ ዓይነቱ ክትትል ምክንያቱንና ውጤቱን ለይቶ ለመናገር ይቸገራል። ጥቅሙ ታየበት የተባለው ርዝመትም ቢሆን 30 ደቂቃ አይደለም።

ዓምዱ ያላነሳው አንድ አደጋም አለ። ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም ግሊቤንክላሚድ የተባለውን የስኳር ክኒን የሚወስድ ሰው ማለዳ በባዶ ሆዱ ረጅም መንገድ ቢሄድ ስኳሩ ከልክ በላይ ሊወርድበት ይችላል፤ በጾም ወቅት ደግሞ ይህ ይብሳል። እንዲህ ላለው ሰው ከምግብ በኋላ የሚደረግ አጭር ጉዞ ይሻለዋል፤ የመድኃኒቱን ነገር ከሐኪሙ ጋር መነጋገርም አለበት።

አባቴ በብዙ ልመና እንደገና ጀምረው፣ በየምግቡ መጨረሻ ከግቢያችን እስከ ሰፈሩ ወፍጮ ቤት ደርሰው ይመለሳሉ፤ ደርሶ መልሱ 12 ደቂቃ ይወስድባቸዋል። ዓምዳችሁ በወጣ ማግስት ግን ጋዜጣውን አጥፈው እየሰጡኝ «ይኸው፣ አይረባም ብሏል» አሉኝ፤ የዚያን ዕለት ማታም አልወጡም። ማስተካከያውን እኔ ብነግራቸው የልጅ ማባበያ ይመስላቸዋልና በዚያው ገጽ፣ በዚያው ዓምድ እንዲወጣላቸው በአክብሮት እለምናለሁ።

አንባቢያችሁ፣
ከአዲስ አበባ