ስለ ሎጁ አዳራችን

ውድ አባላት፣ ሰላም ለሁላችሁ!

የምናድርበት ሎጅ መብራቱ ከፀሐይ ነው። ስልክና ካሜራ ቀን ቀን ቻርጅ አድርጉ። የፀጉር ማድረቂያ ግን ይቅርባችሁ፤ ብዙውን ጊዜ ከ1000 ዋት በላይ ስለሚስብ ባትሪው አይችለውም።

ሻወሩ ከላይ የተሰቀለ ባልዲ ነው። ገመዱን ስትስቡ ሙቅ ውሃ ይወርዳል። ሰውነታችሁን አርጥቡ፣ ዝጉት፣ ሳሙና ተቀቡ፣ ከዚያ ታጠቡ። አለዚያ አረፋ እንደለበሳችሁ ውሃው እልም ይላል!

አጥር የለም። ጉማሬ ሣር ለመጋጥ ከወንዝ የሚወጣው ማታ ስለሆነ፣ ከመሸ ያለ ጠባቂ ከክፍል ንቅንቅ የለም። ይህችን ነገር እንደ ቀልድ አትዩብኝ።

ምግብ ክፍል ውስጥ አታስቀምጡ፤ ዝንጀሮ ቦርሳ መበርበር ያውቅበታል። ጥቁርና ሰማያዊ ልብስ የቆላ ዝንብ (ፄፄ የሚባለውን ተናካሽ ዝንብ) ይስባል። ፎቶ ላይ ባያምርም ካኪ ይሻላል። የእጅ ባትሪ የሌላችሁ ከወዲሁ አሳውቁኝ።