ፓርቲ ብለሽ ጸሎትሽን አትተዪ

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ?

ባለፈው ስንደዋወል «እዚህ አገር ሃይማኖት የሪፐብሊካኖች ነገር ሆኗል፤ እኔ ትቼዋለሁ» አልሽኝ። ነገሩ ከሆዴ አልወጣም።

ይህን የምትዪኝ ደግሞ አትላንታ ተቀምጠሽ ነው! ማርቲን ሉተር ኪንግ ያገለገለበት አቤንኤዘር ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን እዚያው አጠገብሽ ነው። የዛሬው ፓስተሩ ራፋኤል ዋርኖክ ከ2021 ጀምሮ የጆርጂያ ሴናተር ነው፤ ዴሞክራት። ብዙ ጥቁር ክርስቲያኖች እሁድ ዘምረው፣ በምርጫው ቀን ማክሰኞ ዴሞክራት ይመርጣሉ። እምነታቸው ከማን ያንሳል?

ግን ያልሽው መሠረት የለውም አልልም። በ2016 ከነጭ ወንጌላውያን መራጮች ከአስሩ ስምንት ያህሉ ትራምፕን መረጡ። ዱሮ እንዲህ አልነበረም። ትልቁ የወንጌላውያን ማኅበር፣ የደቡብ ባፕቲስቶች ጉባኤ፣ በ1971 ፅንስ ማስወረድ በአንዳንድ ምክንያቶች እንዲፈቀድ የሚጠይቅ ውሳኔ አሳልፎ ነበር። ፓስተር ጄሪ ፋልዌል በ1965 «የሰባኪ ሥራ ወንጌል እንጂ ፖለቲካ አይደለም» የሚል ስብከት ሰበከ። በ1979 ግን ራሱ «ሞራል ማጆሪቲ» የተባለውን፣ ለሪፐብሊካኖች የወገነ የፖለቲካ ድርጅት መሠረተ። በመሀሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1973 ፅንስ ማስወረድን ፈቅዶ ነበር (በ2022 ራሱ ሻረው)። መንግሥትም ጥቁሮችን የሚያገልሉ የግል ትምህርት ቤቶችን ከግብር ነፃ መሆን ከልክሏል፤ ይህ ብዙ ፓስተሮችን አስቆጥቷል። መጽሐፍ ቅዱሱ በእነዚያ 14 ዓመታት አንድ ቃል አልተለወጠም።

እኔን የሚያሳስበኝ ከዚያ የመጣው ነው። በ1990ዎቹ ብቻ «ሃይማኖት የለኝም» የሚሉ አሜሪካውያን ከ7 በመቶ ወደ 14 በመቶ አደጉ። ማይክል ሃውትና ክሎድ ፊሸር የተባሉ ምሁራን ጉዳዩን አጥንተው አንዱ ምክንያት ፖለቲካ ነው አሉ። ከእነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ እግዚአብሔርን አልካዱም። እምነትን ከሪፐብሊካን ፖለቲካ ጋር ያጣመረውን የሃይማኖት ቀኝ ክንፍ ጠልተው የሃይማኖቱን ስም ነው የተዉት። አንቺን የሰማሁሽ መሰለኝ።

የኛዋም ቤተ ክርስቲያን ብትሆን፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1991ዱ የመንግሥት ለውጥ በኋላ ሲኖዶሷ ለሁለት ተከፍሎ፣ የታረቀው በ2018 እዚሁ አሜሪካ፣ ዋሽንግተን ላይ ነው። ያን ሁሉ ዓመት ግን እናቶች ማስቀደሳቸውን አልተዉም።

የፈለግሽውን ምረጪ፤ ማንን መረጥሽ ብዬ አልጠይቅሽም። በፅንስ ጉዳይ እንደማንስማማ አውቃለሁ። ለታንክስጊቪንግ ስትመጪ ቁጭ ብለን እንነጋገርበታለን፤ አባትሽም የሚለው አለው።

እናትሽ