ለእማዬ፣ ስለ ቻይናው ገንዘብ

እማዬ፣ እንደምን አለሽልኝ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? ቅባቱን ማታ ማታ ተቀቢ እንጂ ለእንግዳ አታስቀምጪው።

ባለፈው በስልክ ያነሳሽውን ነገር በችኮላ ልመልስልሽ ስላልፈለግኩ ነው የምጽፈው። ያ እንግዳ የቻይና አማኞችን ፎቶ ካሳያችሁ ወዲህ የጸሎት እህቶች ያዋጣችሁት ገንዘብ መጽሐፍ ቅዱስ ይገዛበት ትላላችሁ። እኔ ደግሞ መጀመሪያ የታሳሪ ቤተሰብ ይታይ ባይ ነኝ።

መጽሐፍ ቅዱስ በድብቅ የማስገባት ታሪክ ልብ ይሰቅላል፤ አልፈርድባችሁም። በፈረንጆቹ 1981 ሰኔ ላይ (የቻይናውን ዓመት ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፍልሽ) 20 ሰዎች በጎታች መርከብ በሚሳብ የጭነት ጀልባ አንድ ሚሊዮን የቻይንኛ መጽሐፍ ቅዱስ ጭነው መጡ። በሌሊት ሻንቱ ከተማ አጠገብ ባሕር ዳር አራገፉት። አማኞቹ ዳርቻው ላይ ቆመው ይጠብቁ ነበር። ይህን ሰባኪ ሲተርከው ማን እጁን ወደ ቦርሳው አይሰድም? ያኔ ደግሞ ልክ ነበር፤ ከዚያ በፊት በማኦ የባህል አብዮት ዘመን መጽሐፉ ተለቅሞ ተቃጥሏል። ዛሬ ግን ናንጂንግ ከተማ አሚቲ የሚባል ማተሚያ ቤት አለ። በ2019 200 ሚሊዮንኛውን ቅጂ አትሟል፤ ብዙው ለውጭ አገር ቢሆንም። ችግር የለም አልልሽም። ከ2018 ወዲህ በኢንተርኔት መሸጥ ተከልክሏል። ቢሆንም የዛሬው ትልቁ ጭንቅ ሌላ ቦታ ነው።

ቼንግዱ የምትባል ከተማ ውስጥ የፊተኛው ዝናብ ቤተ ክርስቲያን አለች። ለመንግሥት አልመዘገብም ያለች ናት። በታኅሣሥ 2018 ፖሊስ ከመቶ በላይ ምእመናኗን ለቃቅሞ ወሰደ። ፓስተሩ ዋንግ ዪ "መንግሥትን ለመገልበጥ ማነሳሳት" ተብሎ 9 ዓመት ተፈረደበት። ሽማግሌው ቺን ደፉ መንፈሳዊ መጻሕፍት በማሳተም "ሕገ ወጥ ንግድ" ተባለና 4 ዓመት አገኘው። ያልታሰሩትም ቢሆኑ አላረፉም። ፖሊስ አከራዩን ያስፈራራዋል፣ አከራዩ ውጡልኝ ይላል። ሌላ ቤት ሲከራዩ እዚያም ያው ነው። መብራት የሚቆረጥባቸው አሉ። ልጅ ይዞ ከቤት ቤት መንከራተት ምን እንደሆነ አስቢው።

ምን አስቢው እላለሁ፣ አንቺ አይደለሽ እንዴ ያየሽው! ደርግ በእኛ አቆጣጠር በ1974 መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን ሲዘጋ እናንተ መጽሐፍ ቅዱስ ነበራችሁ። የጎደለው የታሳሪ ሚስቶች አስቤዛ ነበር። ሽሮውን በላስቲክ ሞልተሽ፣ ከመሃሉ ብር ቀብረሽ፣ ነጠላሽን አጣፍተሽ ትወጫለሽ። የቀበሌው ጥበቃ የት ነው ሲልሽ "አራስ ልጠይቅ" ትይዋለሽ። የአራሷ ልጅ ግን ያኔ ፊደል ቆጥሮ ጨርሷል! ይህን ስታወሪልን ስንቴ ስቀናል። ያ ሽሮ ነው እንግዲህ አሁን ቻይና የሚያስፈልገው። የቤት ኪራይ፣ የጠበቃ፣ እስር ቤት ሄዶ መጠየቂያ የባቡር ትኬት።

የሸሹም አሉ። ከቻይናዋ ሼንዘን ከተማ አንድ የአማኞች ማኅበር ከነልጆቹ፣ ከ60 በላይ ሆነው፣ መጀመሪያ ደቡብ ኮሪያ ጄጁ ደሴት ገቡ። ጥገኝነት ተከለከሉ። ከዚያ ታይላንድ ሄዱ፤ እዚያም ቪዛቸው አልፏል ተብለው ታሰሩ። በ2023 ሚያዝያ አሜሪካ ተቀበለቻቸውና እዚህ ቴክሳስ፣ ታይለር መጡ። ከኔ ቤት በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል ቢሆን ነው። ግን ስንቱ ነው እንዲህ የሚወጣው? አብዛኛው እዚያው ነው ያለው።

አሁን ወደ ፍሬ ነገሩ። ገንዘቡን እንዲሁ ለአንድ ሰው እጅ አትስጡ። ቻይና ከ2017 ጀምሮ የውጭ ድርጅት ፖሊስ ጋ ሳይመዘገብ እንዳይሠራ ሕግ አውጥታለች። ሊንፈን ከተማ ደግሞ መባ የሰበሰቡ መሪዎች አጭበርባሪዎች ተብለው ተፈርዶባቸዋል። የገዛ ምእመናቸው መባ እንዲህ ካስከሰሰ፣ ከውጭ የመጣ ብር ምን እንደሚባል አንቺው ገምቺ። ስለዚህ ያንን ፎቶ ያሳያችሁን እንግዳ ጠይቁት። ገንዘቡ በማን በኩል ይደርሳል? ቤተሰቦቹስ ተጠይቀው ፈቅደዋል? እኔማ እውነቱን ልንገርሽ፣ እዚያው ያሉ ሰዎችን ፊት እያሳየ መዋጮ የሚሰበስብ ሰው አይጥመኝም። ደርግ ዘመን የናንተን ፎቶ አውሮፓ ላይ የሚያዞር ቢኖር ምን ትሉት ነበር?

ዝም ብሎ ይቀመጥ ማለቴ አይደለም። የታሳሪ ቤተሰብ የሚረዱ፣ ሒሳባቸውን በየዓመቱ የሚያሳውቁ ድርጅቶች አሉ። የቤተ ክርስቲያናችሁ ጽሕፈት ቤት አጣርቶ ይላክበት። እስከዚያ ገንዘብ ያዥዋ ጋ ይቆይ። መጽሐፍ ቅዱስ ካልሆነ የሚሉ እህቶች ካሉ የሽሮዋን ታሪክ ንገሪያቸው፤ ከኔ ደብዳቤ አንቺን ይሰማሉ።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እደውላለሁ፣ ምን እንደወሰናችሁ ትነግሪኛለሽ። ስልኩን ቻርጅ አድርጊው ደግሞ።

ልጅሽ፣ ከዳላስ