ለልጄ፦ ያን «30×60» የሚለውን መነጽር እንዳትገዢ

የኔ ዓለም እንዴት ነሽልኝ፣ ስራ እንዴት ይዞሻል? እኛ አልሀምዱሊላህ ደህና ነን፣ ደሴም ብርዷን አልተወችም። ወፍ ማየት ጀመርኩ ስትይኝ ደስታዬን አትጠይቂኝ፣ ግን ያ የላክሽልኝ የቴሌግራም ማስታወቂያ ላይ ያለው «30×60» ባይኖኩላር፣ የሩቅ ማያው መነጽር፣ ወላሂ ብር መጣል ነው።

ስሚኝ። እነዚህ ሁለት ቁጥሮች የመጀመሪያው ስንት እጥፍ አቅርቦ እንደሚያሳይ ነው፣ ሁለተኛው የፊተኛው ሌንስ ስፋት በሚሊሜትር። 60 ማለት እንግዲህ 6 ሳንቲም፣ የቡና ሲኒ አፍ በይው። ፎቶው ላይ ግን ሰውየው በአንድ መዳፉ ጨብጦታል፣ ሌንሱ ከሁለት ሳንቲም ብዙም አይበልጥም። ደግሞ ጎኑ ላይ «126 ሜትር በ1000 ሜትር» የሚል ታትሟል አይደል፣ አንድ ኪሎሜትር ርቀት ላይ 126 ሜትር ስፋት ይታይሻል ማለቱ ነው፣ ይሄ በማዕዘን 7 ዲግሪ ከምናምን ነው፣ መነጽሩ ውስጥ አይንሽ የሚያየውን ስፋት ለማግኘት በማጉያው ቁጥር በ30 አባዢው እስኪ፣ ከ200 ዲግሪ ይበልጣል! እንዲህ ከሆነማ ከጆሮሽ ጀርባ ያለውንም ልታይ ነው። በ8 ብታባዢው ግን 57 አካባቢ ይመጣል፣ እሱ የደንበኛ ባለ 8 መነጽር ቁጥር ነው። አየሽ፣ እቃው ራሱ በራሱ ላይ መስክሯል። ፊዚክስ አስተማሪ እናት ያላት ልጅ በዚህ አትበላም።

ለነገሩ የምር 30 እጥፍ ቢሆንም አይጠቅምሽም። እጅሽ በተንቀጠቀጠ ቁጥር ምስሉም በዚያው እጥፍ ነው የሚንቀጠቀጠው፣ እንደዛ ያለውን ሶስት እግር ማቆሚያ ላይ ሳይሰቅሉ ማየት አይቻልም። 10 እጥፍ ራሱ አስፓልት ለአስፓልት ሄዶ ለደከመ እጅ ይከብዳል፣ የሚያሳይሽም ስፋት ይጠባል፣ ቅጠል ውስጥ የምትዘል ትንሽ ወፍ እስክታገኚ እሷ ሄዳለች። ላንቺ 8 ይበቃል፣ በቃ።

የሌንሱን ነገር ግን አስቢበት። 8×25 ቦርሳ ውስጥ ይገባል፣ ክብደቱ 300 ግራም አካባቢ ነው፣ ዋጋውም ይቀላል። 25ን ለ8 ስታካፍዪ ወደ አይንሽ የሚገባው የብርሃን ክብ 3 ሚሊሜትር ይሆናል፣ ቀን በጸሀይ የአይንሽ ብሌንም ያንኑ ያህል ስለሆነ ምንም አይጎድልሽም። ችግሩ ንጋትና ማታ ላይ ነው፣ ብሌንሽ ይሰፋል መነጽሩ ግን የሚሰጥሽ ያችኑ 3 ነው፣ ስለዚህ ይጨልምብሻል። ሐይቅ ወርደሽ እስጢፋኖስ ገዳም ጎን ባለው ዳርቻ በማለዳ ዳክዬ ለማየት ወይ የጎፍ ደን ጥድ ውስጥ ለመግባት ካሰብሽ 8×32 ይሻላል፣ 4 ሚሊሜትር ይሰጥሻል፣ ክብደቱ ግን ግማሽ ኪሎ አካባቢ ይደርሳል። እኔን ከጠየቅሽኝ ብርሽ ለጥሩ 32 ካልበቃ ርካሽ 32 ከምትገዢ ደህና 25 ግዢ። 10×25 የሚሉሽን ግን እለፊው፣ የብርሃኑ ክብ 2 ሚሊሜትር ተኩል ብቻ ነው፣ መንቀጥቀጡም አለ። ማጉያው የሚቀያየር፣ ዙም ምናምን የሚሉትንም እንዲሁ።

አንቺ ደግሞ የአይን መነጽር ታደርጊያለሽ፣ ይሄን ሻጩ አይነግርሽም። አይንሽ ከኋለኛው ሌንስ ምን ያህል ርቆ ሙሉውን ምስል ማየት እንደሚችል የሚጻፍ ቁጥር አለ፣ ከ15 ሚሊሜትር ካነሰ ዳር ዳሩ ይቆረጥብሻል። የአይን ማስደገፊያው ጎማ ወደ ውስጥ የሚጠመዘዝ ወይ የሚታጠፍ ይሁን፣ መነጽርሽን ሳታወልቂ ሞክሪው።

ሱቅ ስትገቢ አትቸኩዪ፣ ሰውየው ቢያጉረመርምም ግድ የለሽም። ሌንሱን መብራት ስር አዘንብለሽ እዪው፣ የሚመለሰው ብርሃን አረንጓዴ ወይ ሀምራዊ ሆኖ ደብዘዝ ካለ ነጸብራቅ የሚቀንስ ቅብ አለው ማለት ነው፣ እንደ መስታወት ቀይ ሆኖ የሚያብለጨልጨው ለአይን ያምራል እንጂ ተዪው። ከዛ በሁለት እጅሽ አራቅ አድርገሽ ወደ ብርሃን ያዢውና የኋለኛው ሌንስ ላይ ያለችውን ብሩህ ነጥብ እዪ፣ ድብልብል ከሆነች ውስጡ ያለው ፕሪዝም፣ ብርሃኑን የሚያጥፈው መስታወት፣ ደህና ነው፣ አራት ማዕዘን እየመሰለች ጥግ ጥጓ ከጠቆረ ርካሽ ነው። ከዛ ውጪ ወጥተሽ ሩቅ ያለ የመብራት ምሰሶ ተመልከቺ፣ ቀኝ አይንሽን ጨፍነሽ በመሀለኛው መዘውር አስተካክዪ፣ ቀጥሎ ግራውን ጨፍነሽ ቀኙ ላይ ባለው ቀለበት ብቻ አጥሪው። ሁለት አይንሽን ስትገልጪ አንድ ክብ ካልታየሽ ወይ ራስሽን ከወጋሽ ሁለቱ ቱቦ አልገጠመም፣ እሱን መልሺለት። ያገለገለ ኒኮን ወይ ኦሊምፐስ ሌንሱ ሳይሻግት ካገኘሽ ስሙ ከማይታወቅ አዲስ አስበልጬ አይልሻለሁ። ውሃ የማያስገባና ናይትሮጅን የተሞላ ከሆነማ ምን ትፈልጊያለሽ፣ ከደሴ ብርድ ወርደሽ ከሚሴ ሙቀት ስትገቢ ውስጡ በእንፋሎት አይደፈንብሽም።

ጥቅምት ላይ ኢንሻአላህ ስትመጪ ከአውሮፓና ከኤስያ ብርድ የሚሸሹት ወፎች መጥተው ይጠብቁሻል፣ ጨፋ ሜዳ እንወርዳለን። እስከዚያ እዛው አዲስ አበባ ቁራውን እዪው፣ የኛው ደጋ ቁራ እኮ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ አካባቢ ውጪ የለም፣ ማጅራቱ ላይ ያለችውን ነጭ እና ያን ወፍራም መንቁሩን በመነጽር ስታዪው ሌላ ፍጡር ነው የሚሆንብሽ።

አንድ ነገር አደራ፣ ወደ ካምፕ፣ ኬላ ወይ ኤርፖርት አቅጣጫ አታዙሪው፣ ጊዜው እንደምታውቂው ነው፣ ሰው ወፍ ነው የማየው ብትዪው አያምንሽም። ወደ ጸሀይማ ፈጽሞ። ከውጭ የሚያመጣልሽ ሰው ካለ ደግሞ አስቀድሞ ጉምሩክ ይጠይቅ።

ለብሩ አብሽሪ፣ ግማሹን በቴሌብር እልክልሻለሁ። ግን መጀመሪያ የሌንሱን ፎቶ ከማስመሪያ ጋር አንስተሽ ላኪልኝ፣ ያለዛ ሳንቲም አይወጣም።

እማ