የዲትሮይትን ሂሳብ ማን ከፈለው?

ለተከበሩ አዘጋጅ፦

በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት ያለችው ዲትሮይት ከኪሳራ ዳነች ሲባል ጡረተኞቿ ይረሳሉ። ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ2013 ወደ 18 ቢሊዮን ዶላር ዕዳ ይዛ ፍርድ ቤት ገባች። የሚሺጋን ሕገ መንግሥት የመንግሥት ሠራተኛ ጡረታ እንዳይነካ በግልጽ ይከለክላል። ጉዳዩን የያዙት ዳኛ ስቲቨን ሮድስ ግን የፌዴራሉ የኪሳራ ሕግ ይበልጣል አሉ። የሲቪል ጡረተኞች (ማለትም ከፖሊስና ከእሳት አደጋ ውጭ ያሉት) ክፍያ 4.5 በመቶ ተቆረጠ። ለኑሮ ውድነት የሚጨመረውም ቀረ። ቁጥሯ ትንሽ ትመስላለች አይደል? የሚጎዳው ግን ሁለተኛው ነው፤ ዋጋ በናረ ቁጥር ጡረታው እየሟሸሸ ይሄዳል። የከተማዋ የሥዕል ሙዚየም ሥራዎች ለዕዳው እንዳይሸጡ፣ የጡረታ ቅነሳውም እንዲቀንስ በጎ አድራጊዎችና ግዛቱ ገንዘብ ባያዋጡ ኖሮ ደግሞ ቅነሳው ይብስ ነበር። ቦንድ ገዝቶ ለከተማዋ ያበደረ ሰው ኪሳራ ሊመጣ እንደሚችል አስልቶ ነው የገባበት። አውቶቡስ ሲነዳ ያረጀው ግን ምን ምርጫ ነበረው? ኮንግረስ የከተሞችን ኪሳራ የሚገዛውን የፌዴራል ሕግ ክፍል፣ ምዕራፍ 9ን፣ አሻሽሎ ጡረተኛውን ከቦንድ ገዢ ያስቀድም።

አንድ አንባቢ